ደርቋል ወይስ ተኝቷል?

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በእኛ ጥር 2016 ማለቂያው ላይ። ከደለስ ኤርፖርት ወደ አሌክሳንድሪያ ስንነዳ ብዙም አልተናገረችም። የመንገድ ድካም መስሎኝ ዝም አልኳት። ለካ በመስኮት እያየች ስታስብ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው፤ ሁሉም ግን ቅጠል የለሽ፣ ግራጫ፣ እንደ ተገተረ ጭራሮ።

«ልጄ፣ እነዚህን ዛፎች ምን ነካቸው? እሳት ነው ወይስ ድርቅ?»

«ምንም አልነካቸው እማዬ፣ ክረምት ነው።»

«ክረምት?» አለችና ዞራ አየችኝ። «በክረምት ዛፍ የሚደርቅበት አገር ነው ያመጣኸኝ?»

ሳቅሁ፤ ግን እውነቷን ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃና ልምላሜ ማለታችን ነው። እዚህ ስንመጣ «ዊንተር»ን በዚያው ቃል ተርጉመን መኖር ጀመርን፤ ቃሉ ግን እዚህ ሲደርስ ትርጉሙ ግልብጥ ማለቱን ልብ አላልነውም። አገር ቤት ክረምት ሲገባ ሁሉም ነገር ያበቅላል። እዚህ ክረምት ሲገባ ሁሉም ነገር ይራቆታል።

ከምኖርበት አፓርትመንት መስኮት ፊት ለፊት፣ መኪናዬን ከማቆምበት ቦታ ራስጌ፣ አንድ ዛፍ አለ። ግንዱ ልስልስ ነው፣ ቅርፊቱ በየቦታው ተልጧል፣ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ የደረቀ የፍሬ ቅርፊት ተንጠልጥሏል። እናቴ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ በመስኮት አየችውና ፈረደችበት። «ሌሎቹስ ይሁኑ፤ ይሄኛው ግን አብቅቶለታል። ለሚመለከታቸው ሰዎች ንገራቸው፣ አንድ ቀን መኪናህ ላይ ይወድቃል።»

የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። ማስተርሴን እዚሁ ተምሬ፣ ኮድ እየጻፍኩ እንጀራዬን የምበላ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛፉ ይሙት ይኑር አላውቅም። ስሙንም አላውቅም። በጋ ላይ ቅጠል ማውጣቱ ራሱ ትዝ አይለኝም። ቅጠሉ ባይኖር ኖሮ መኪናዬ ጥላ አያገኝም ነበር ብዬ ነው በስሌት የደረስኩበት።

በማግስቱ እናቴ ጋቢዋን ደርባ ወረደች። እኔ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ በመስኮት ነው የማያት። አንዷን ቀጭን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ ያዘችና በአውራ ጣቷ ጥፍር ልጣጩን ፋቅ አደረገችው። ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ። ስትመለስ፣ «አረንጓዴ ናት» አለችኝ። «ነፍስ አላት። ተኝታ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዛፍ ቤታችን ውስጥ «እሷ» ሆነች።

እናቱን እዚህ አምጥቶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የምለውን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጅ ሥራ ላይ ይውላል፣ እናት አራት ግድግዳ ታያለች። ውጭው ይቀዘቅዛል፣ ጎረቤት አያውቃትም፣ ቡና ብታፈላ የሚጠጣላት የለም። «ያምራል፣ ግን እስር ቤት ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ ቀጥላም «ቲኬቴን ቀይርልኝ» አለች። ቀልድ አልነበረም። ስድስት ዓመት ናፍቄያት፣ ስድስት ወር ትቆያለች ብዬ አስቤ፣ በ15ኛው ቀን ልትሄድብኝ ነው።

ያዳነን ያቺ ዛፍ ናት ብል ማጋነን አይመስለኝም። ለጨዋታ ያህል አንድ ስፕሬድሺት ከፈትኩ። አራት ዓምድ አለው፦ ቀን በእኛ፣ ቀን በፈረንጅ፣ የትኛው ዛፍ፣ ምን ታየ። እማዬ ጠዋት ጠዋት አካባቢውን ዞራ ታያለች፣ ማታ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ እሷን ከቤት ለማስወጣት የፈጠርኩት ሰበብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻው የእሷ ሥራ ሆነ። እኔ ጸሐፊዋ ሆንኩ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ዜና የመጣው የካቲት 18፣ ፌብሩዋሪ 26 ነው። ወደ ሐበሻ ሱቅ ስንሄድ መንገድ ዳር ያሉት ረጃጅም ዛፎች አናታቸው ላይ ቀላ ያለ ጭጋግ የመሰለ ነገር አጥልቷል። በመኪና ሲታለፍ ምንም አይመስልም። እማዬ ግን አቁም አለችኝ። ቀርበን ስናይ ቅርንጫፉ ሁሉ ጥቃቅን ቀይ ነገር ለብሷል፤ እያንዳንዷ ከምስር ብዙም አትበልጥም። ቅጠል ሊያወጣ ያቆጠቆጠ መስሎን ነበር። በስልክ ፎቶ አንስተን ስንፈልገው ለካ አበባ ነው። ቀይ ሜፕል የሚባለው ዛፍ ከቅጠሉ በፊት፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ማንም ሳያየው አብቦ ይጨርሳል። ሰባት ጊዜ አብቧል ማለት ነው እኔ እዚህ አገር እያለሁ። ሰባት ጊዜ በሥሩ በመኪና አልፌያለሁ።

እማዬ ያን ዕለት ማታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ብርዱ እንዳለ ነው። ታዲያ መንቃት እንዳለበት በምን አወቀ?»

ይህ ጥያቄ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ምግብ ነው። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ነገሩ ሁለት ቆጣሪ ያለው ፕሮግራም ማለት ነው። የመጀመሪያው ቆጣሪ ቅዝቃዜ ይቆጥራል። እንደ ቼሪ፣ ፖምና ኮክ ያሉት ዛፎች በልግ ላይ እንቡጣቸውን ሠርተው፣ ዘግተው፣ ይተኛሉ። አወይ፣ «በልግ» የሚለውም ቃል እዚህ ተገልብጧል፤ ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ማለቴ ነው። ከተኙ በኋላ የተወሰነ ያህል የብርድ ሰዓት ካላጠራቀሙ አይነቁም። በጥንቱ ስሌት የሚቆጠረው ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያለው ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ አንድ ሳምንት ሙቀት ቢመጣ ዛፉ በቀላሉ አይታለልም፤ የመጀመሪያው ቆጣሪ ገና አልሞላምና። እሱ ሲሞላ ሁለተኛው ይጀምራል፤ ይሄኛው ደግሞ ሙቀት ይደምራል። ለምሳሌ መነሻው 5 ዲግሪ ነው ብንል፣ የቀኑ አማካይ ሙቀት 12 ከሆነ ያ ቀን 7 ነጥብ አስቆጠረ ማለት ነው። ቀኑ 4 ከሆነ ምንም የለም። ድምሩ የዛፉን ልክ ሲሞላ እንቡጡ ይከፈታል። ቀይ ሜፕል በትንሽ ድምር ይረካል፤ ሌላው ብዙ ይፈልጋል። ጃፓኖች ደግሞ ለቶክዮ ቼሪ ከዚህም የቀለለ ስሌት አላቸው፦ ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ደምሩ፣ 600 ዲግሪ ሲሞላ አበባውን ጠብቁ ይላሉ።

ይህን ሁሉ በጠዋት ለእማዬ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «የኛ ቡና ሙቀት አይቆጥርም» አለችኝ። «ዝናብ ነው የሚጠብቀው።»

እናቴ ያደገችው አጋሮ አካባቢ ነው። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ስለ ቡና አበባ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም። ቡናው በበጋው ጥማት ላይ እንቡጡን እንደቋጠረ ይቀመጣል አለችኝ። አረንጓዴ ሆኖ፣ ጨብጦ፣ ዝም ይላል። አንድ ደህና ዝናብ ሲጥል ግን ከስምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳው ሁሉ በአንድ ጠዋት ነጭ ሆኖ ያድራል። ሽታው ቤት ውስጥ ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠወልጋል። ልጅ ሆነው ከዝናቡ ቀን ጀምሮ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። በኋላ ሳነበው ልክ እንዳለችው ነው፤ የቡና እንቡጥ በድርቁ ወቅት ይተኛል፣ የሚቀሰቅሰው ውሃ ነው። ከላይ ሁለት ቆጣሪ ብዬ በጉራ ያስረዳሁትን እሷ በጣቷ ስትቆጥር ነው ያደገችው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለአክስቴ ስንደውል ከጤና ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ጣለ ወይ?» ሆነ። ነገሩ የአበባ ውበት ብቻ አይደለም። ዝናቡ አንዴ በደንብ ከጣለ ቡናው አንዴ ያብባል፣ በኋላም አብሮ ይቀላል። ትንሽ ጥሎ ቢጠፋ፣ ተመልሶ ትንሽ ቢጥል፣ አበባው በየክፍሉ ይወጣል፤ ፍሬውም እንደዚያው ተራ በተራ ይደርሳል፣ ለቀማው ይበዛል፣ ለሠራተኛ የሚከፈለውም ይበዛል። ከአበባው በኋላ ድርቅ ከቆየ ደግሞ የያዘው ይረግፋል። አክስቴ በዚያ ዓመት ያለችን ይህንን ነው፦ «ሁለት ጊዜ አበበ። መጀመሪያ የወጣው ምንም አልያዘ።» እማዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ዝም አለች።

አሁን ወደ ቼሪው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት ወደ ታይዳል ቤዚን ሳይወስድ አይለቅም፤ ያው ፎቶ መነሳት ነው። ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ የዚያን ዓመት ሙሉ ፍካት ከማርች 23 እስከ 26 ይሆናል ብሎ ተንብዮ ነበር። ሙሉ ፍካት የሚባለውም በግምት አይደለም፦ ዮሺኖ ከሚባለው ዝርያ አበቦች 70 በመቶው ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት እንቡጡ አረንጓዴ ከሚሆንበት አንስቶ አበባው ተነፋፍቶ ነጭ እስኪሆን አምስት ደረጃ ያልፋል፤ ከሌሎቹ ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድማ የምታብብ ጠቋሚ ዛፍ እንኳን አለቻቸው። እኔም ትንበያውን አምኜ የዚያን ሳምንት መጨረሻ ካላንደሬ ላይ ያዝኩ። እማዬ ግን ከሳምንት በፊት ጀምራ፣ «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ያሉት ነጭ ሆነዋል። ውሃው ዳር ያሉት አይብሱም?» ትለኛለች። «ባለሙያዎቹ 23 ብለዋል እማዬ» እላታለሁ። ማርች 17፣ መጋቢት 8፣ እሁድ ቀን፣ ስልኬ ላይ ዜናው ደረሰ፦ ሙሉ ፍካት ዛሬ ነው። እኔ ያን ዕለት ሥራ ላይ ነኝ፤ እሁድ ብሎ ሥራ፣ ሶፍትዌር የምንለቅበት ቀን ነበር።

የደረስነው በሳምንቱ፣ መጋቢት 15 ነው። ዛፉ ላይ የቀረ አበባ ነበር፣ ውሃው ዳር ግን በረገፈው ነጭ ሆኗል። ሕዝቡ ለጉድ ነው። እማዬ ጾም ይዛለችና ከዳቦና ከውሃ በቀር ምንም አልያዝንም። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችና፣ «ፍሬው ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«የሚበላ ፍሬ የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም። ለአበባው ብቻ ነው የተተከለው።»

ሰዉን አየች፣ ዛፉን አየች። «ይሄ ሁሉ ሰው እንግዲህ ሊሸኘው ነው የመጣው» አለች።

የእነዚህን ዛፎች ታሪክ ለሐበሻ ማውራት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የስደተኛ ታሪክ ነው። ከጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት 2,000 ዛፎች ዋሽንግተን የደረሱት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1910 ነው። ተመርምረው ተባይና በሽታ ስለተገኘባቸው፣ በፕሬዚዳንት ታፍት ፈቃድ ተቃጠሉ። በሌላ አነጋገር ቪዛ ተከለከሉ። የቶክዮው ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ ግን አልተቀየሙም፤ በ1912 እንደገና 3,020 ዛፍ ላኩ። ማርች 27 ቀን ቀዳማዊት እመቤት ሄለን ታፍትና የጃፓኑ አምባሳደር ባለቤት ቪስካውንተስ ቺንዳ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተከሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ኤላይዛ ሲድሞር የምትባል ጸሐፊ ለሃያ ዓመታት ያህል «ይተከል» እያለች ባለሥልጣናቱን ስትወተውት ኖራለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዛፎቹ ዘራቸው የመጣበት ቶክዮ አጠገብ ያለው የአራካዋ ወንዝ ዳርቻ ተራቁቶ ነበር። በ1952 ከዋሽንግተን ዛፎች ቅርንጫፍ ተቆርጦ ወደዚያ ተላከ። ሐዋላ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኔ ሙያ ቅርብ ነው። ዮሺኖዎቹ በሙሉ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቀጠለ የተባዙ ናቸው፤ ኮፒ ፔስት በሉት። በዘር አንድ ስለሆኑ ነው ባንድ ጊዜ የሚፈኩት። ስለዚህ የአበባቸው ቀን ከዓመት ዓመት ቢለያይ ልዩነቱ ከዛፉ አይደለም፣ ከአየሩ ነው። ቴርሞሜትር ሆነዋል ማለት ነው። የዋሽንግተኑ መዝገብ ከ1921 ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ፍካቱ በአማካይ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሟል። ኪዮቶ ያለው ከዚህ ይብሳል። ያሱዩኪ አኦኖ የተባሉ ተመራማሪ የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት በየማስታወሻቸው የጻፉትን «ዛሬ ቼሪው ሲፈካ ድግስ ተደረገ» ዓይነት ወሬ ለቅመው፣ ከ812 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለውን ቀን አሰባሰቡ። በ2021 ኪዮቶ ላይ ሙሉ ፍካቱ ማርች 26 ሆነ፤ በዚያ የ1,200 ዓመት መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል የቀደመ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ስለ አየር ንብረት አንዳች አያውቁም። አበባ አይተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ወደ ጠጃቸው ተመለሱ።

ቀደም ብሎ መፍካት ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ብርዱ ቀድሞ አይሄድማ። በ2017 ዋሽንግተን ውስጥ ፌብሩዋሪ ሞቀና ቼሪዎቹ ቶሎ ተነሱ፤ ማርች አጋማሽ ላይ ውርጩ ተመለሰና ሊፈኩ ከነበሩት የዮሺኖ አበቦች ግማሽ ያህሉን ገደለ። ለታይዳል ቤዚን ጎብኚ ይሄ የተበላሸ ፎቶ ነው። ለፖምና ለኮክ ገበሬ ግን የዓመት ኪሳራ ነው። ለአክስቴም ያው ነው፤ እዚያ ውርጩን የሚተካው ዝናቡ ነው።

አንድ ሮበርት ማርሻም የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ ኖርፎክ ውስጥ ከ1736 ጀምሮ የመጀመሪያው ቅጠል መቼ ወጣ፣ የመጀመሪያዋ ወፍ መቼ ጮኸች እያለ ይጽፍ ነበር። ከእሱ በኋላ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እስከ 1958 ድረስ ቀጠሉበት። የሳይንቲስት ቤተሰብ አልነበረም፤ ባለ መሬት ነበሩ፣ ደብተር ነበራቸው። ይህን ባነበብኩበት ሌሊት ራሴን ታዘብኩት። የእኔ አያት የቡናው አበባ መቼ እንደወጣ በየዓመቱ ያውቅ ነበር። ዝናቡ የዘገየበትን፣ አበባው ሁለት ጊዜ የወጣበትን ዓመት በስም ይጠራው ነበር አሉ። እሱ ሲሞት መዝገቡ አብሮ ተቀበረ። የተረፈው እናቴ ጋ ያለው ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ዳታ ነው፤ የማላውቃቸው ሰዎች ስንት ጊዜ ምን እንደተጫኑ ስመዘግብ እውላለሁ። እናቴን ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። እናት ወይም አባት እናንተ ዘንድ ከመጡ አንድ ዛፍ አሳይዋቸው። ያደጉበት ቦታ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ጠይቋቸው፤ ኮርቹ፣ ኮሶው፣ ብሳናው፣ ቡናው። ጻፉት። ቀኑን በትክክል ባያስታውሱ እንኳ «ከሁዳዴ ቅበላ በፊት» ወይም «ለማርያም ሰሞን» ይሏችኋል። እሱም ቀን ነው። ሁዳዴው ቦታውን ስለሚቀያይር የትኛው ዓመት እንደሆነ ብቻ መጠየቅ አትርሱ።

ስለ ቀን ካነሳን አይቀር፣ ስፕሬድሺቱን ስንሞላ አንድ ክርክር ገጥሞን ነበር። «ስፕሪንግ»ን ምን ብዬ ልጻፍ? እኔ «ጸደይ» አልኩ። እማዬ ደግሞ ጸደይ መስከረም ነው፣ አደይ አበባ ነው ባይ ናት። ብዙዎቻችንም እንደዚያው ነው የምንለው። በባሕረ ሐሳቡ አከፋፈል ግን የአበባው ወቅት መፀው ይባላል፣ መስከረም 26 ይገባል፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። መጋቢት 26 በፈረንጅ አፕሪል 4 ነው። ዋሽንግተን ላይ በድሮው ጊዜ ቼሪ የሚፈካው በዚያ ሳምንት አካባቢ ነበር። የአባቶቻችን ቀመር ከታይዳል ቤዚን ጋር ይሄን ያህል መግጠሙ አጋጣሚ ነው፣ ምንም ሌላ ነገር የለውም። ግን ለእማዬ ስነግራት ደስ አላት፤ ክርክሩን ብትሸነፍም።

አፕሪል ሲገባ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አጣን። ሬድበድ የሚባለው ትንሽ ዛፍ ሐምራዊ አበባውን ከቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን ከግንዱ ላይ ቀጥታ ያወጣል። እማዬ ስታየው፣ «እንደ ሾላ!» አለች። ሾላም ፍሬውን ግንዱ ላይ ነው የሚለጥፈው። ቀጥሎ ዶግውድ መጣ፤ የቨርጂኒያ አርማ የሆነው። አራቱ ነጭ ቅጠሎቹ አበባ ይመስላሉ እንጂ አበባው መሃል ላይ ያለችው ቢጫዋ ክምር ናት። ከዚያ ኦኮቹ ያንን ቢጫ ዱቄታቸውን መንፋት ጀመሩ፤ መኪናው ሁሉ ቢጫ ሆነ። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችን በቀን ሁለቴ ያጥባሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስቅለት ሳይደርስ ዓይኑ የሚያለቅሰው፣ አፍንጫው የሚንጠባጠበው ብዛቱ! እኔ እንጃ፣ አለርጂን እንደ ሐበሻ የሚያማርር ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እማዬ ምንም አልሆነችም።

እሷ ግን፣ የመስኮታችን ዛፍ፣ ምንም የለም። ሁሉም ለምልሞ እሷ ብቻ እንደ ፌብሩዋሪዋ ናት። ስሟን እስከዚያ ደርሰንበታል፦ ክሬፕ ሜርትል። ዘግይታ እንደምትነቃ፣ ብዙ ሰው ሞታለች ብሎ እንደሚቆርጣት፣ የምታብበው በጁላይ ሙቀት እንደሆነ አንብቤያለሁ። እማዬ ግን ንባቤን ከቼሪው ትንበያ በኋላ ብዙም አታምነውም። በየጠዋቱ ትወርዳለች፣ ሌላ ቅርንጫፍ ትፍቃለች፣ «አረንጓዴ ናት» ትለኛለች።

ፋሲካን እዚህ አላሳልፍም ብላ ነበር፤ በዚህ ላይ ማንም አይመልሳትም። የሄደችው ሚያዝያ 15፣ አፕሪል 23 ነው። ቲኬቷ እንዲቀየርላት በሁለተኛው ሳምንት የጠየቀች ሴት ሁለት ወር ከግማሽ ቆየች። ሻንጣዋን መኪናው ላይ ስጭን ወደ ዛፏ ሄዳ ቅርንጫፏን ያዘች። አልፋቀቻትም። ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት።

ሚያዝያ 21፣ አፕሪል 29፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሕማማት የመጀመሪያው ቀን፣ መኪናዬን ለማስነሳት ስወርድ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቀላ ያለች፣ ከጤፍ ቅጠል የማትሰፋ ነገር አየሁ። ሁለት። ሦስት። ከታች ጀምሮ ግንዱ ሁሉ እየወጣበት ነው። ፎቶ አነሳሁና በቴሌግራም ላክሁላት። አጋሮ ከሰዓት ነበር፤ አክስቴ ጋ ናት። ወዲያው በድምፅ መለሰችልኝ።

«ሕማማት ስለሆነ ሰላም አልልህም። አየኋት። ብዬህ ነበር። ጽፈኸዋል? በእኛም ጻፈው፣ በፈረንጁ ብቻ እንዳታደርገው። እዚህ ዛሬ ሌሊት ጥሏል።»